ጥላው ወደ ደቡብ የዞረበት ግንቦት

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አጥሩን ሊያድስ አንድ መኪና ሙሉ አጠና አስመጣና በሬ ላይ አራገፈው። ልጡ ገና መላጡ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ይሸታል። መንገዴን ዘጋብኝ ብዬ ልቆጣ ወጥቼ፣ ቁጣዬን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወስዶ አስመራ፣ የስድስተኛ ክፍል ግቢያችን መሀል ጣለኝ። ጎረቤቴ "ምነው እትዬ ለምለም፣ አስቸገርንዎት?" ቢለኝ፣ "ኧረ ተወው፣ እዚሁ ይቆይ" አልኩት። እንዲህ ያለ ደግ ቃል ከአፌ ሰምቶ ስለማያውቅ ሰውዬው ትንሽ ደነገጠ።

ያን ዓመት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ቪላጆ ጀኒዮ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአንድ የጣሊያን ቤት ጓሮ የተከራየናት ሁለት ክፍል። እናቴን ያጣሁት ትንሽ ሆኜ ስለሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ አባቴና አያቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል። አያቴ ቀሺ ሀብተ ደግሞ ዓዲ ጓዕዳድ በምትባል መንደር በቅስና ሲያገለግሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ነው ወደኛ የመጡት። እኔ ኣቦሓጎይ ነው የምላቸው፤ በትግርኛ አያቴ ማለት ነው። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ለማወቅም አልፈለጉም። እኔም ብሆን አማርኛን የለመድኩት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ዛሬ ይህን ሁሉ ዓመት ተናግሬበት እንኳ 'ዐ' ስል ከጉሮሮዬ ትወጣብኛለች፤ ሰፈሩ ይስቅብኛል። ይሳቁ!

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር። ማጠቢያው ውስጥ ልብስ የምትተኩስ ልጅ ይፈለጋል ተብሎ ለእኔ ቦታ አስይዞልኝ ነበርና፣ መስከረም ላይ እንዲህ አለኝ፦ "መማሩን ተማሪ፤ አልከለክልሽም። ግን ከትምህርት ቤት አንዲት ክስ ትምጣ፣ በማግስቱ ካውያ ትይዣለሽ።" እኔ ደግሞ ካውያ እንደ ሞት ነበር የምፈራው። የአባቴን እጅ አይቻለሁ፤ በእንፋሎት ተልጦ ተልጦ ቆዳው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

መምህር ይርጋ የመጣው በዚያው መስከረም ነው። ከጎጃም የመጣ ቀጭን ሰው፤ የአስመራን ብርድ አልቻለውም፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበር የሚያስተምረው። አሁን ሳስበው ከሃያ አራት ዓመት አይበልጥም ነበር፤ ልጄ ይሆናል፤ ስለዚህ 'አንቱ' እያልኩ አላወራም፣ ይቅር ይበለኝ። ስለ ምድርና ስለ ሰማይ የሚያስተምረን እሱ ነው። ሉል የለንም፣ ሥዕል የለንም። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የጃንሆይ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ግቢ አወጣን። ተኽለ የሚባለውን ረጅሙን ልጅ ፀሐይ አድርጎ መሀል ገተረው። እኔን ምድር አደረገኝ።

"በይ እንግዲህ፣ በራስሽ ላይ እየዞርሽ ተኽለን ዙሪው" አለኝ።

ዞርኩ። ሁለቴ ሳልዞረው ግቢው ተገለበጠብኝና በቂጤ ዱብ አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ "ምድር ወደቀች! ምድር ወደቀች!"

እሱ አልሳቀም። "ምድር አትወድቅም። ተነሺ" አለኝ፤ ተነሣሁና ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚለውን ሁሉ አመንኩት።

ማመኑን አመንኩ እንጂ መረዳቱ ሌላ ነው። ምድር የምትዞር ከሆነ አዟሪ አላት ብዬ ደመደምኩ። አዟሪዎቹም ቃኘው ያሉት ናቸው። ወደ ዓዲ ጓዕዳድ ስንሄድ እነዚያ ቤት የሚያህሉ የብረት ሳህኖች ወደ ሰማይ አፋቸውን ከፍተው ይታዩ የለ? ሌላ ምን ሊሠሩ ይችላሉ? አንድ ማታ አባቴን እራት ላይ "አሜሪካኖቹ ቀስ ብለው እንዲያዞሩ ንገራቸው፤ ተኝቼ ያዞረኛል" አልኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ነገሩን አስረድቼ ስጨርስ፣ "ጓለይ፣ እኔ እዚያ ሲዞር ያየሁት አንሶላ ብቻ ነው" አለኝ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው።

አያቴ ግን ነገሩን ከልባቸው ተቆጡ። "ምድር ከዞረች የጉድጓድ ውሃ ለምን አይደፋም? ሂጂ ለመምህርሽ ንገሪው!" አሉኝ። ሄጄ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሙሉውን ሰዓት እሱን ሲያስረዳን ዋለ። ሲወጣ "አያትሽን አመስግኚልኝ" አለኝ። አመሰገንኩለት፤ አያቴ "ከመልሱ የሸሸ ሰው ያመሰግናል" አሉና ባኒ ዳቧቸውን ሻሂ ውስጥ ነከሩ።

ጥቅምት ላይ መምህር ይርጋ አንድ የተላጠ አጠና በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የዚያ ሽታ ነው እንግዲህ የተረፈኝ። ግቢው መሀል ጉድጓድ ቆፍረን፣ ከመሬት በላይ ሁለት ሜትር እንዲሆን አድርገን ተከልነው። ዙሪያውን ድንጋይ እየጠቀጠቅን እሱ ከግንበኛ በተዋሰው ቱንቢ ቀጥ ማለቱን አየ። ከአጠናው በስተ ሰሜን ነጭ ድንጋይ፣ በስተ ደቡብ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጠ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ 'በቀትር ጊዜ የችካል ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን ይወድቃል' ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም 'አይጠፋም' ብሎ አሰመረበት። በየቀኑ ሰሌዳ ሲጠፋ ያቺ ጥግ ትዘለላለች።

በየቀኑ በቀትር ጥላውን የሚለካ ተማሪ ሲፈለግ ለእኔ ደረሰ፤ ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ በስድስት ሰዓት ደወል ለምሳ ይበተናሉ፤ እሱም ከከተማው ማዶ ሄዶ ነው ምሳ የሚበላው። ደብተሩን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ "ያየሽውን ጻፊ። ያላየሽውን አትጻፊ።"

በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ አየሁ። ደወሉ ከተደወለ በኋላም ጥላው ማጠሩን አላቆመም፤ ያጥራል፣ ያጥራል፣ ደግሞ መርዘም ይጀምራል። ነገርኩት። ደስታውን ብታዩ! ሰዓቱ ለአገሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን የተሞላ ነው፣ የአስመራ ፀሐይ ግን ቀትሯ ላይ የምትደርሰው ከደወሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው አለን። "ይህን ያገኘችው ለምለም ናት" አለ በክፍሉ ፊት። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

በታኅሣሥ ጥላው ከአንድ ሜትር ተኩል አልፎ ነጩን ድንጋይ ተሻገረ። ከዚያ እያጠረ መጣ። መጋቢት ላይ ሁለት ስንዝር ተኩል ያህል፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ጣት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ፀሐይዋ ጥላውን ጭራሽ ዋጠችው። በአጠናው ዙሪያ ብዞር ምንም የለም። ገረመኝ፤ 'የለም' ብዬ ጻፍኩ።

በግንቦት መግቢያ ጥላው ተመልሶ ወጣ። በጥቁሩ ድንጋይ በኩል!

መጀመሪያ አጠናውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ከተኽለ ጋር ስንሯሯጥ ተደግፌበት ነበርና። ክር ላይ ድንጋይ አስሬ እንደ ቱንቢ አንጠለጠልኩት፤ አጠናው ቀጥ ብሏል። ቀጥሎ የጠረጠርኩት አሜሪካኖቹን ነው፤ አብዝተው አዙረዋታል አልኩ። ቀጥሎ የራሴን ኃጢአት፤ በጾሙ ወቅት ከጎረቤት ወተት ቀምሼ ነበር። የጠረጠርኩትን ሁሉ ጠርጥሬ ስጨርስ ግን ጥላው እዚያው ጥቁሩ ድንጋይ በኩል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። መምህር ይርጋ ደብተሩን የሚያየው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። 'ደቡብ' ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ደቡብ። በየቀኑ ጥቂት እየረዘመ፣ ደቡብ።

ወሩ ሳያልቅ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር መጣ። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ከኋላው ዲሬክተራችን እጁን አጣምሮ ይከተላል። ኢንስፔክተሩ የጥላውን ደብተር አነሳ፣ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ግንቦት ላይ ቆመ። ሰሌዳውን አየና ወደኛ ዞረ።

"በቀትር ጥላ ወዴት ይወድቃል?"

"ወደ ሰሜን!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ታዲያ ይህን የጻፈው የየትኛውን አገር ፀሐይ አይቶ ነው?" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ተነሳሁ። ተኽለ "ወጥተን እንይዋ!" አለ፣ ነፍሱን ይማር፤ ግን ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ ቀትር የት አለና! የኢንስፔክተሩም መኪና ደጅ ላይ ሞተሩ አልጠፋም። መምህር ይርጋ ደብተሩን ተቀበለና አየው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ኢንስፔክተሩን አየ፣ ዲሬክተሩን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ ላጲስ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"ተሳስተሽ ይሆናል፣ ለምለም። አጥፊውና ሰሜን በይው" አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ላጲሱን ልቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ያየሽውን ጻፊ ያለኝ እሱ፣ ያየሁትን አጥፊ ሲለኝ፣ እጄን ሰበሰብኩና ቃሉ በትግርኛ አመለጠኝ፦

"ኣይፋል!"

እምቢ ማለት ነው፤ ለዚያውም ለመምህር፣ በኢንስፔክተር ፊት፣ በክፍል ውስጥ በማይፈቀድ ቋንቋ። ዲሬክተሩ ጣቱን ቀሰረ፦ "ነገ ወላጅሽን ይዘሽ ነይ። ያለዚያ ይህን በር እንዳትረግጪ!"

አባቴ ማታ ሲሰማ አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለኝ። "አለቀ" አለ። "የሥራ ቀኔን አቃጥዬ ስድብ ልሰማ አልሄድም። ሰኞ ከእኔ ጋር ቃኘው ትሄጃለሽ።" አለቀስኩ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ደብተሬን እያሳየሁ አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም አልኩ። "መዋሸት አለመዋሸትሽን ማን ጠየቀሽ? ክስ መጥቷል" አለኝና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

አያቴ ከጥግ "ምን አይታ ነው?" አሉ።

"ጥላው ወደ ደቡብ ዞረ፣ ኣቦሓጎይ።"

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ታዲያ ወዴት ይዙር? ፀሐይቱ በሰሜን ቆማ!" እሳቸው ለካ ዕድሜ ልካቸውን ቅዳሴ ለመግባት በቀትር ጥላቸውን በባዶ እግራቸው ሲለኩ ነው የኖሩት፤ ድሮ ሰዓት የት ነበር፣ ካህን ሰዓቱ እግሩ ነው። "ፊቴን ወደ ሰሜን አድርጌ ስቆም፣ በታኅሣሥ ጥላዬ ከፊቴ ነው። በሰኔ ጾም ከኋላዬ ነው። ይህን የዓዲ ጓዕዳድ ዲያቆን ሁሉ ያውቃል። መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ እግር የለውም?" ወደ አባቴ ዞሩ። "ነገ እኔ እሄዳለሁ።"

"ይሂዱ" አለ አባቴ። "ሰኞ ግን ሰኞ ነው።"

ዓርብ ዕለት አያቴን ደግፌ ወጣሁ። ጉልበታቸው በየፌርማታው እያስቀመጣቸው ስንደርስ የስድስት ሰዓቱ ደወል አልፎ ግቢው ባዶ ሆኗል። ባዶ ነው አልኩ እንጂ አንድ ሰው ነበር። መምህር ይርጋ ካፖርቱን መሬት ጥሎ፣ አጠናው ሥር ተንበርክኮ ጥላውን ይለካል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጥላው አንዲት ስንዝር ያህል፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ።

አያቴ ሰላምታም ሳይሰጡ ጫማቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ ነጩ ድንጋይ አድርገው ቆሙ፣ ወደ ኋላቸው ዞረው ጥላቸውን አዩ። አንድ እግር እንኳ አይሞላም፤ ከተረከዛቸው ሥር ብቻ ብቅ ብሏል። ከዚያ በትግርኛ፣ "ይህን ሰው፣ ዓይን አለህ ወይ በይው" አሉኝ።

እኔም ተርጓሚ ነኝና፣ "አያቴ እንደምን ዋሉ ይሉዎታል" አልኩ።

"እንደዚያ አላሉም" አለ። ለካ ትግርኛው በዘጠኝ ወር ውስጥ ገብቶት ኖሯል። ተነሥቶ ጉልበቱን ሳያራግፍ እጅ ነሣቸው። "ዓይን ነበረኝ፤ አላየሁበትም በያቸው። መጽሐፉ የተጻፈው ፀሐይ አናታቸው ላይ ደርሳ ለማታውቅ አገሮች ነው። እኛን አልፋን ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እኔ ይህን ሳስተምር ጥላው እዚህ ነበር፣ እኔ ምሳ እበላ ነበር።" ወደ እኔ ዞረ። "ለምለም፣ ትናንት የበደልኩሽ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።"

ይህን ለአያቴ መተርጎም አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። በዚያ ዘመን መምህር ይገርፋል፣ ይሰድባል፣ ቢደሰት ራስን ይደባብሳል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ 'ፈርቼ ነው' የሚል መምህር ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ዲሬክተሩ ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፦ "በቃ፣ ልጅቷ አመሏን ታሳምርና ትግባ፤ ነገሩን እንርሳው።"

"ለኢንስፔክተሩ እጽፋለሁ" አለ መምህር ይርጋ።

"ምን ብለህ? ተሳስተዋል ብለህ? ሰውዬ፣ በእንጀራህ አትቀልድ! ስላንተ የሚጽፈው እሱ ነው።"

"ተሳስቻለሁ ነው የምለው። እሳቸው ያመኑት የኔን ሰሌዳ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ 'አይጠፋም' ያላትን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጁ አጠፋት። አያቴን ከፊት አስቀመጣቸው። እሳቸው ጫማቸውን እንዳወለቁ፣ የየወሩን ጥላ በእግር እየቆጠሩ በትግርኛ ተናገሩ፤ እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፤ እሱ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ያን ቀን በትግርኛ መናገር ማንም አልተከለከለም። ሲጨርሱ አያቴ ጣታቸውን አነሱ፦ "ምድር ግን አትዞርም፤ ይህን ጨምረሽ ንገሪው!" "እሱን በሰፊው እንከራከርበታለን" አለ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው።

እኔ በልጅነቴ አላመሰገንኩትም። ማን ያውቅበታል በዚያ ዕድሜ? ከዚያ በኋላ ዓይኔ ያየውን ነገር ለማንም ብዬ አላጠፋሁም፤ አንዳንዴ አስከፍሎኛል፣ ጠባይሽ መጥፎ ነው አስብሎኛል፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። መምህር ይርጋ፣ ባለህበት፣ የቐንየለይ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስንወጣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ፤ ለአባቴ ነው።

አባቴ አማርኛ ማንበብ አይችልም። ማታ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ እኔ ቆሜ አንዱን መስመር በአማርኛ እያነበብኩ በትግርኛ ነገርኩት። 'ልጅዎ ለምለም ያየችውን ጽፋለች። ጥፋቱ የእኔ የመምህሯ ነው። ባየችው ነገር ከእኔ ይልቅ ጸንታለችና፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እርስዎንም እጠይቃለሁ።'

"ድገሚው" አለኝ።

ደገምኩት።

"ቃል አልጨመርሽም?"

"አልጨመርኩም።"

"አልጨመረችም" አሉ አያቴ ከጥግ። "እንባዋን ብቻ ነው የጨመረችው።"

ወረቀቱን ተቀበለኝ። ማንበብ እንደማይችል እያወቀ በዚያ በተላጠ እጁ ይዞ ብዙ ቆየ፤ ፊርማው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አሳየሁት፣ ጣቱን አሳረፈበት።

"ሰኞስ?" አልኩ።

"ሰኞ ምን?" አለና ቀና ብሎ አየኝ። "ትምህርት ቤትሽ ነዋ የምትሄጂው! ይህን በእጁ የጻፈ ሰው፣ ተማሪ አጥቶ ይቀመጥልሽ?"